አዲስ ፍሬና አትክልት ቤት ውስጥ ስንሞክር፦ የትኛው ክፍሉ ይበላል፣ መቼ፣ እንዴት?

ቅጠላቅጠል

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር (የውይይት ርዕስ) የከፈትኩት የማናውቀውን ፍሬ ወይም አትክልት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ስናስገባ የሚያስፈልገውን ዝርዝር አንድ ቦታ ለማሰባሰብ ነው። «ሞከርነው፣ አይጣፍጥም» ተብሎ ሲጣል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፍሬው አይደለም። ወይ ጮርቃ ሳለ ተቆርጧል፣ ወይ የማይበላው ክፍሉ ተበልቷል፣ ወይ እሳት የሚፈልገው በጥሬው ተቀምሷል። ስለዚህ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፤ የሚበላው የትኛው ክፍሉ ነው? በጥሬው ነው ወይስ ተቀቅሎ? አሁን ደርሷል ወይስ ይቆያል? እነዚህ ሳይታወቁ መቅመስ አይጀመርም።

አንድ የቃል ጉዳይ አለ። በቋንቋችን ዛፍ ላይ የደረሰውም ድስት ውስጥ የላመውም «በሰለ» ነው የሚባለው። እዚህ ግን ያምታታል፤ ፐርሲመን (ብርቱካናማ ፍሬ ነው) «ይብሰል» ሲባል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ ማለት ነው፣ ካሳቫ «ይብሰል» ሲባል እሳት ላይ ይጣድ ማለት ነው። ስለዚህ ለፍሬው «ደረሰ»፣ ለእሳቱ «ተቀቀለ» ወይም «ተጠበሰ» እያልን እንጻፍ።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ብቻ ይገዛ። የሚላጥ ቢሆንም ከመቆረጡ በፊት በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ ልጣጩ ጠንካራ ከሆነ በብሩሽ ይፈተግ፤ ቢላዋው ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። ሳሙና አይንካው። ከዚያ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ይታይ፣ ይሸተት። በጥሬው የሚበላ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ አተር የምታህል ቁራጭ ያለምንም ማጣፈጫ ትቀመስ፤ ቀጥሎ ከቁንጥር ጨው ጋር፤ ቀጥሎ ከጥቂት ጠብታ ሎሚ ጋር። ጨውና ሎሚ ሳይነካው «ጣዕም የለውም» ብሎ መፍረድ ለፍሬው አይገባውም። በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ነገር አይሞከር፤ አፍ ቢያሳክክ ወይም ሆድ ቢታመም ከየትኛው እንደመጣ አይለይም።

መድረስን በተመለከተ ፍሬዎች ሁለት ወገን ናቸው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ኪዊ፣ ጊሽጣ፣ ፐርሲመንና ፓሽን ፍሩት ከተለቀሙ በኋላም መድረሳቸውን ይቀጥላሉ፤ ኢትሊን የሚባለው ጋዝ ነው የሚያደርሳቸው። ድራጎን ፍሩት፣ ሊቺ፣ ራምቡታን፣ ሮማንና አናናስ ግን ከተለቀሙ በኋላ ጣዕማቸው አይጨምርም። ጮርቃ ከተገዙ ጮርቃ ሆነው ይበሰብሳሉ። ያልደረሰ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም አቮካዶ ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፤ ቅዝቃዜው መድረሱን ያቆመዋል፣ ሥጋውንም ያጠቁረዋል። ከደረሰ በኋላ ቢገባ ግን ሁለት ሦስት ቀን ያቆያል። ፓሽን ፍሩት ልጣጩ ሲጨማደድ የተበላሸ ይመስላል፤ እንደውም ያኔ ነው የሚጣፍጠው።

የምታውቁትን ጨምሩበት። እባካችሁ መጠንና ደቂቃ ጻፉ።

እሸት

ሰው ካስጠሉ ፍሬዎች መካከል ያለ ጥፋቱ በብዛት የሚወቀሰው ፐርሲመን ነው፤ ስለዚህ በሱ ልጀምር።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ዝርያዎች ሁለት ናቸው። ፉዩ የሚባለው እንደ ቲማቲም ጠፍጣፋ ነው። እንደ ፖም ጠንካራ ሳለ ተቆርጦ ይበላል፣ ልጣጩም አይከብድም። ሃቺያ የሚባለው ሾጠጥ ያለ ነው፣ የልብ ቅርጽ አለው። ይህኛው ጠንካራ ሳለ አንድ ጊዜ ከተነከሰ አፍ በሙሉ ይደርቃል፣ ምላስ ይያዛል፣ ጥርስ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ይህን የሚያደርገው ታኒን ነው፤ በምራቅ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይዞ ያጓጉለዋል፣ ምራቁም ማለስለሱን ያቆማል። ስኳር ቢጨመርበት አይረዳም፤ ችግሩ የጣዕም ሳይሆን የመንካት ነው።

ሃቺያ መድረሱ በቀለም አይታወቅም፤ ጮርቃውም ብርቱካናማ ነው። የሚታወቀው በእጅ ነው። መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ውሃ እንደሞላ ፊኛ ቅርጹ ወደ ጎን ይፈሳል፣ ልጣጩ ስስ ሆኖ ብርሃን ያስገባል፣ ከቅጠሉ ሥር ያለው ትከሻ ሳይቀር ይለሰልሳል። ትከሻው ጠንከር ካለ ገና ነው፤ ጫፉ ማር ሆኖ ላዩ አፍ ሊይዝ ይችላል። በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከደረሰ ሙዝ ጋር አድርጎ በክፍሉ ሙቀት ማቆየት መድረሱን ያፋጥናል፤ እንደ ጮርቃነቱ ከ3 ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይወስዳል። የደረሰው ቅጠሉ ተነስቶ በማንኪያ ይበላል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ሃቺያን ለኬክ ሲሉ በደንብ ሳይደርስ መጋገር አያዋጣም፣ ሙቀቱ አፍ የመያዝ ጠባዩን ሊመልሰው ይችላል። ሌላው ጮርቃ ፐርሲመን በብዛት መብላት ነው፤ ታኒኑ ሆድ ውስጥ ከቃጫው ጋር ተጠቅልሎ ድንጋይ የሚመስል ጓል ሊሠራ ይችላል። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

ዘንቢል

እሸት፣ እናመሰግናለን። የወረቀት ከረጢት ለምን ተመረጠ? ፌስታል አይሆንም?

እሸት

ፌስታል ጋዙን ይይዛል፣ ግን እርጥበቱንም ይይዛል። ፍሬው ይተነፍሳል፣ ያ እርጥበት ፌስታሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ልጣጩ ላይ ይወርዳል፣ ሻጋታ ይከተላል። ወረቀት ጋዙን በከፊል ያቆያል፣ እርጥበቱን ያሳልፋል። ከረጢቱ አፉ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፍ፤ በየቀኑ ተከፍቶ ይነካ።

ጓዳ

አርቲቾክን ልጨምር፤ ሳይፈነዳ የሚበላ የአበባ እምቡጥ ነው። ላዩን ሲያዩት የት እንደሚጀመር የማያስታውቅ አትክልት ነው፤ ሥራውም አለው፣ ግን ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

ሲመረጥ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ቅጠሎቹ የተጣበቁ፣ ሲጨመቅ እንደ አዲስ ጫማ ሲጥ ሲጥ የሚል ይሁን። የተበተነ ቅጠል ካለው ቆይቷል፣ ውስጡ ደርቋል። ግንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጥ፤ የተቆረጠው አይጣል፣ ተልጦ አብሮ ይቀቀላል፣ ከልቡ (ከመሃሉ ለስላሳ ክፍል) ጋር አንድ ጣዕም ነው። ከታች ያሉት ትናንሽ ቅጠሎች በእጅ ይነቀሉ። ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዋ ይቆረጥ፤ ለስላሳ ቢላዋ ይንሸራተታል። የቀሩት ቅጠሎች ጫፍ ላይ እሾህ ስላለ በመቀስ ይከርከም። ቁራጩ ቶሎ ስለሚጠቁር ግማሽ ሎሚ ይታሽበት፣ ከዚያም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ይነከር።

ድስቱ አይዝጌ ብረት ወይም የኢናሜል ይሁን። አሉሚኒየምና ተራ ብረት ከአርቲቾክ ጋር ሲገናኙ አትክልቱን ግራጫ ያደርጉታል፣ የብረት ጣዕምም ይሰጡታል። ውሃው 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከላዩ የእንፋሎት ወንፊት፣ ክዳኑ የተገጠመ። ትልቁ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በመሃል ውሃው እንዳያልቅ ይታይ። ሰዓቱ ብቻ አይታመን። ከመሃል አንድ ቅጠል ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣ፣ ቢላዋም ከግርጌው ያለ ችግር ከገባ ላመ ማለት ነው። ከዚያ ተደፍቶ 5 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ፤ በቅጠሎቹ መካከል የተደበቀው ውሃ ማጣፈጫውን ያቀጥነዋል።

አበላሉ፦ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይነቀላል፣ ወፍራሙ ግርጌ በቅቤ ወይም በዘይትና ሎሚ ይጠቀሳል፣ በጥርስ መሃል ተስቦ ለስላሳው ሥጋ ብቻ ይፋቃል። የቀረው ቃጫ ነው፣ ወደ ጎን ይቀመጣል። ወደ ውስጥ ሲገባ ቅጠሎቹ እየሳሱ ሐምራዊ ይሆናሉ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ብቅ ይላል። ይህ ጸጉር አይበላም፣ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል ሲፋቅ እንደ እርጥብ ጥጥ ተያይዞ ይነሳል፤ ሥሩ ያለው ጎድጓዳ ልብ ሙሉ በሙሉ ይበላል። ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው።

ከበሉ በኋላ ውሃ ሲጠጣ የሚጣፍጥ ሆኖ ቢሰማ አይገርም። ሲናሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ምላስ ላይ የሚያደርገው ነው።

ልጣጭ

ጓዳ፣ በሎሚ ውሃው ላይ አልስማማም። ሙሉውን ወዲያው እንፋሎት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው መንከሩ ሥራ ማብዛት ነው፤ የጠቆረው የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ሲቀቀል ደግሞ ሁሉም ወደ ወይባ አረንጓዴ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሥራው በዝቶበት ይተወዋል፣ ስለዚህ ማሳጠር በሚቻልበት ማሳጠር ይሻላል።

ጓዳ

ለሙሉው ትክክል ነው፣ ማሸቱ ይበቃል። ልቡ በጥሬው ተፈልፍሎ ወጥቶ የሚከተፍ ከሆነ ግን ግድ ነው፤ በ1 ሊትር ውሃ የ1 ሎሚ ጭማቂ። ተከትፎ ሳይነከር ከቆየ ደቂቃዎች ሳያልፉ ቡናማ ይሆናል።

ሥራሥር

የክሩ ከፋች «ሳይታወቅ መቅመስ አይጀመርም» ያለችው ቃል ለሥራሥር ሲሆን ከባድ ትርጉም አለው። ፍሬ ጮርቃ ቢበላ አፍ ይይዛል፤ አንዳንድ ሥር በጥሬው ቢበላ ሆስፒታል ያስገባል።

ካሳቫ በፍጹም በጥሬው አይቀመስም፣ ለአተር ያህል እንኳ። ሥሩ ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ ሲያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው፤ ልጣጩ ላይ ደግሞ ይበዛል። ሲመረጥ ጠንካራ፣ ያልተሰነጠቀና ሽታ የሌለው ይሁን። ከተሰበረበት ላይ ሲታይ ውስጡ ንጹሕ ነጭ መሆን አለበት፤ ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስመር ካለበት መበላሸት ጀምሯል። ካሳቫ ከተነቀለ በሁለት ሦስት ቀን ይህ ሊጀምረው ስለሚችል ለጀማሪ ተልጦ በፍሪዘር የቀዘቀዘው ይመረጣል።

አላላጡ እንደ ድንች አይደለም። ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቁመት ይቆራረጥ፣ እያንዳንዱ ጉማጅ በቁመቱ ይሰንጠቅ፣ ከዚያ የቢላዋው ጫፍ ከሽፋኑ ሥር ገብቶ ይነሳ። ቡናማው ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ወፍራም ነጭ ወይም ሐምራዊ ሽፋን አብረው እንደ ዛፍ ልጥ ይላቀቃሉ። በመላጫ ቡናማውን ብቻ አንስቶ ሁለተኛውን ሽፋን መተው ነው የተለመደው ስህተት። ለሁለት ተሰንጥቆ መሃሉ ላይ ያለው ክር ይውጣ። ከዚያ በብዙ ውሃ፣ ድስቱ ሳይከደን፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይቀቀል፤ ሹካ ሲነካው ፈርከስ እስኪል። ክዳን የማይደረገው ሃይድሮጅን ሲያናይድ ወደ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚተን ነው፤ በእንፋሎቱ ይወጣል። የተቀቀለበት ውሃ ይደፋል፣ ለሾርባ አይሆንም። ይህ አሠራር ለጣፋጩ ዝርያ ነው። መራራው ዝርያ ለቀናት መዘፍዘፍና መቡካት ያስፈልገዋል፣ ቤት ውስጥ በሙከራ የሚሠራ አይደለም። ተቀቅሎም መራራ ከሆነ ይጣል።

ጎደሬ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ውስጡ በመርፌ ቅርጽ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ፤ በጥሬው ሲነካ እጅ ያሳክካል፣ ሲበላ ጉሮሮ ይወጋል። በደረቅ እጅ ወይም በጓንት፣ ሥሩ ራሱ ደረቅ ሆኖ ይላጥ፤ እርጥበት ማሳከኩን ያብሳል። በ3 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ፣ መሃሉ ፍጹም እስኪላላ ይቀቀል፣ ውሃው ይደፋ። ሲበላ ጉሮሮ ጫር ጫር ካደረገ ቅመም ሳይሆን የእሳት ማነስ ነው፤ ወደ ድስቱ ይመለስ። ቅጠሉ ከሥሩ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከ45 ደቂቃ በታች አይወርድም።

በዚሁ መንገድ፦ የሩባርብ ግንዱ ብቻ ይበላል፣ ቅጠሉ መርዛማ ነው። የሂካማ ሥሩ በጥሬው ይበላል፣ ፍሬውና የዘር ከረጢቱ አይነካም። የጊሽጣ ዘር ለቅሞ ማውጣት ነው፤ ከፍሬው ጋር ብሌንደር ውስጥ አይፈጭ፣ ሲደቅ መርዛማ ነው።

ዘንቢል

መራራነት ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ቢተር ሜሎን መራራ ሆኖ ይበላል። ዙኪኒ ወይም ዱባ መራራ ሲሆን ይጣል ይባላል። ሁሉም አንድ ቤተሰብ አይደሉም እንዴ? ጀማሪ በምን ይለየው?

እሸት

አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ መራራነታቸው ግን አንድ አይደለም። የቢተር ሜሎን ምሬት የተፈጥሮው ነው፣ ሁልጊዜም አለ። ዙኪኒ፣ ዱባና ዱባ መሰል ቅሎች ግን መራራ መሆን የለባቸውም። ከሆኑ ኩከርቢታሲን የሚባል መርዝ በዝቶባቸዋል፤ ኃይለኛ ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም፣ ስኳርና ቅመም ይሸፍኑት ይሆናል እንጂ። ስለዚህ ከማያውቁት ቅል ወይም ራሱ ከበቀለ ዱባ ላይ ቀጭን ቁራጭ በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ነው። የሚያንገፈግፍ ምሬት ካለ ሙሉው ይጣል። «ከፊሉን ቆርጬ ልጠቀም» አይሠራም።

ቢተር ሜሎንን ለመሞከር ጠንካራና ፈዛዛ አረንጓዴ የሆነው ይመረጥ፤ ወደ ቢጫ ከሄደ አልፎበታል። በቁመቱ ተከፍሎ ዘሩና ነጩ ስፖንጅ በማንኪያ ይፋቅ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይከተፍ። ለ300 ግራም 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ተነስንሶ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ የሚያወጣው አረንጓዴ ውሃ በእጅ ተጨምቆ ይደፋ፣ ይታጠብ፣ እንደገና ይጨመቅ። ከዚያ በሽንኩርትና በእንቁላል በኃይለኛ እሳት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይጠበስ። ምሬቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው ሌላ አትክልት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ፋርማሲዋ

ስለ ቢተር ሜሎን ከተነሳ አይቀር፦ የደም ስኳር የማውረድ ጠባይ ስላለው የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ በብዛት አይብላ፤ ነፍሰ ጡርም ትተወው።

ከዚህ የሚከብደው ስታር ፍሩት ነው። ሲከተፍ ኮከብ ስለሚሠራ ለማሳመሪያ ይወደዳል፣ ለጤነኛ ሰውም ችግር የለውም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ጨርሶ አይብላው። የደከመ ኩላሊት ሊያስወግደው የማይችል የነርቭ መርዝ አለው፤ አንዱ ምልክቱ የማያቆም ስቅታ ነው፣ ከዚያ መደናገርና መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። እንግዳ ሲጋበዝ ይህ ቀድሞ ይጠየቅ።

ግሬፕፍሩትና ፖሜሎ አንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ያግዳሉ። ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን የመሳሰሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች፣ እንዲሁም እንደ ፌሎዲፒን ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ይበዛሉ። ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ «ጠዋት ፍሬውን፣ ማታ መድኃኒቱን» ማለት አይበቃም። ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ደግሞ እንደ ኬል ያለ ቅጠል ድንገት በብዛት አይጀምር።

የላቴክስ ጓንት የሚያሳክከው ሰው ኪዊ፣ አቮካዶና ሙዝ ሊያሳክኩት ይችላሉ። አፍ ብቻ ማሳከክ ቀላል ነው፣ ማቆም ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ግን ድንገተኛ ሕክምና ነው። ለትናንሽ ልጆች ሊቺና ራምቡታን ዘሩ ወጥቶ በቁመቱ ለአራት ካልተቆረጠ አይሰጥ፤ የሚያንሸራትት ክብ ነገር ነው፣ ትንፋሽ ይዘጋል።

ልጣጭ

ቀለል ያሉትን በፍጥነት። ኮልራቢ (ግንዱ እንደ ኳስ ያበጠ የጎመን ዘር) ከቡጢ ያልበለጠ ይመረጥ፤ ካለፈ እንጨት ይሆናል። ልጣጩን በመላጫ ሳይሆን በቢላዋ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አውጡት፣ ከሥሩ ሁለተኛ ቃጫማ ሽፋን አለ። ተከትፎ በጥሬው በጨውና ሎሚ ይበላል። ራዲኪዮ (ቀይ መራራ ቅጠል) ምሬቱ ከበዛ ተከፍሎ በበረዶ ውሃ ለ30 ደቂቃ ይነከር። ጃክፍሩት ሙሉው ከ30 ኪሎ በላይ ሊሆን ስለሚችል የተቆረጠ ይገዛ። ነጭ ሙጫው በውሃና ሳሙና አይለቅም፣ ስለዚህ ቢላዋውም እጁም መክተፊያውም *ቀድሞ* ዘይት ይቀባ። ዘሩ አይጣል፣ 30 ደቂቃ ተቀቅሎና ተልጦ ይበላል።

ዘንቢል

ድራጎን ፍሩትስ? መልኩን አይቶ የገዛው ሁሉ በጣዕሙ ያዝናል።

ቅጠላቅጠል

ነጭ ሥጋ ያለው ጣዕሙ ለዘብ ያለ ነው፤ ቀይ ሥጋ ያለው ብዙ ጊዜ ይጣፍጣል። ከተለቀመ በኋላ ጣዕሙ ስለማይጨምር ምርጫው ሁሉን ይወስናል፦ ቀለሙ ወጥ የሆነ፣ ለመጠኑ የሚከብድ፣ በአውራ ጣት ሲነካ በትንሹ የሚያጎደጉድ። ለ2 ሰዓት ቀዝቅዞ፣ ሎሚ ተንጠባጥቦበት ይቀመስ። ቀዩን የበላ ሰው በማግሥቱ ሽንቱ ቢቀላ የፍሬው ቀለም ነው፣ አይደንግጥ።

ጓዳ

ለጣፋጭ ሠሪዎች፦ ጥሬ አናናስ፣ ኪዊና ፓፓያ ከጄላቲን (ከእንስሳ የሚገኝ ማርጊያ) ጋር አይረጋም። ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስላላቸው ጄላቲኑን ይበትኑታል። ኪዊ ወተት ውስጥ ሲቆይም ያመርረዋል። ፍሬውን ለጥቂት ደቂቃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም በአጋር (ከባሕር አረም የሚሠራ ማርጊያ) መተካት ይፈታዋል። የታሸገ አናናስ በሙቀት ስላለፈ ይረጋል።

ዘንቢል

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ማንጎስቲን። ልጣጩ እንደ ድንጋይ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ቢላዋ ይሰብራል።

እሸት

ያረጀ ወይም የተቀጠቀጠ ነው። ደህናው ማንጎስቲን ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ በጣት ሲጨመቅ በትንሹ ይጎደጉዳል፣ ከላይ ያለው ቅጠሉም አረንጓዴ ነው። ከመግዛት በፊት ተገልብጦ ከግርጌው ያለችው ትንሽ አበባ መሰል ምልክት ትታይ፤ የቅጠሎቿ ቁጥር ውስጥ ካሉት ነጭ ክፋዮች ቁጥር ጋር እኩል ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ክፋዮቹ ትናንሽ ስለሚሆኑ ዘር የሌላቸው ይበረክታሉ። ሲከፈት ወገቡ ዙሪያውን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቆረጥ፣ ከዚያ ሁለቱ እጆች በተቃራኒ ይጠምዝዙት፤ ላዩ እንደ ክዳን ተነስቶ ነጮቹ ክፋዮች ታችኛው ጽዋ ውስጥ ተቀምጠው ይቀራሉ። የልጣጩ ጭማቂ ከጨርቅ ስለማይለቅ ነጭ ልብስ ይራቅ። ቢጫ ሙጫ የነካው ክፋይ መራራ ነው፤ እሱ ተለይቶ ይጣልና ሌሎቹ ይበሉ።